ፊቱ ታድሷል፤ እግሩስ?

ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ መኪና መግዛት ጫማ ወይም ቀሚስ እንደ መግዛት ቀላል ነገር አይደለም። ጠባብ ጫማ የገዛች እናት ለእህቷ ልጅ ትሰጠዋለች። መኪና ሲገዛ የተሳሳተ ቤተሰብ ግን ስሕተቱን ለዓመታት እየተሳፈረበት ይኖራል። ስለሆነም ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለወንዶች ብቻ የተተወ መስሎ የሚታይ ቢሆንም፣ የቤቱን በጀት የምትይዘው፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰውና አዛውንቱን ለሕክምና የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ እናት እንደመሆኗ መጠን በቀጥታ እርሷን የሚመለከት ነው።

ነገሩን ያስነሣችብኝ ጎረቤቴ ናት። ጎረቤቴ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ስትሆን፣ ባለቤቷ ደግሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። የባለቤቷ እናት የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። አሮጊቷ የልብ ሕመም ስላለባቸው በየወሩ አዲስ አበባ እየመጡ ይታከማሉ። ባለፈው ክረምት ከመንደራቸው እስከ አስፋልቱ ያለውን ጭቃ በበቅሎ ተሻግረው፣ ከዚያ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሲደርሱ ሰዓቱ አልፎ ቀጠሯቸው ለሌላ ወር ተላለፈ። ጎረቤቴ መኪና የመግዛት ነገር ከልቧ የገባው ያን ዕለት ነው። ሁለት ዓመት የጣሉት ዕቁብ ደርሷቸዋል፤ ጥቂት የባንክ ብድርም ተፈቅዶላቸዋል።

በአንድ ቅዳሜ ጧት በሬን አንኳኩታ፣ «እትዬ፣ ዛሬ መኪና ልናይ ነው። እኔ ዓይኔ ቶሎ ይማረካል፤ አንቺ አብረሽኝ ሁኚ» አለችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኋት። ባለቤቷም ዕረፍቱ ስለነበር ሦስት ሆነን ሄድን።

እንደሚታወሰው በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ የከተማ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ከምናያቸው ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች አንዱ ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ የሚባለው ነው። ይህ መኪና ቶዮታ ከሱባሩ ጋር በመተባበር የሠራው ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው በ2014 ዓ.ም. ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፋብሪካው ፊቱ የታደሰውን አስተዋወቀ። የገባንበት መሸጫ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁሟቸዋል።

ሻጩ ወጣት፣ ትሑትና አንደበተ ርቱዕ ነው። «እትዬ፣ ይኼኛው አዲሱ ፊት ነው። ያኛው አሮጌው ፊት ነው» አለን። በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቀው፣ «አይታያችሁም እንዴ?» አለና ወደ መብራቶቹ አመለከተ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ፋብሪካዎች አንድን መኪና በየዓመቱ ከሥር እስከ ላይ እንደ አዲስ አይሠሩም፤ ወጪው አይቻልምና። ስለዚህ በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንድ ጊዜ አጥንቱን ሳይነኩ መብራቱን፣ ፓራውልቱንና የውስጥ ጌጡን ይለውጡና ዳግመኛ ለገበያ ያቀርቡታል። አንዳንድ ጊዜ ከፊቱ ጋር ባትሪውና ሞተሩም ይሻሻላሉ። ገዢዋ መለየት ያለባት ይህንኑ ነው። ከከፈለችው ትርፍ ገንዘብ ውስጥ ስንቱ ለመልክ፣ ስንቱ ለጥቅም እንደዋለ ማወቅ አለባት።

መልኩን በሚመለከት

ሐቁን ለመናገር፣ የታደሰው ፊት ያምራል። የፊት መብራቶቹ ቀጠን ብለው በግራና በቀኝ ተዘርግተዋል። የመጀመሪያው ሲወጣ በጎማው ዙሪያ ፓራፋንጎውን የሸፈነውን ሰፊ ጥቁር ፕላስቲክ ብዙ ሰዎች አልወደዱለትም ነበር። በአሜሪካ ለገበያ በቀረበው የታደሰ መኪና ላይ ይህ ክፍል እንደ ቀረው አካል ተቀብቷል። በውስጥም የመካከለኛው ስክሪን ወደ 14 ኢንች አድጓል፤ ሁለት ስልኮችን ያለ ሽቦ የሚሞላ ቦታም ተበጅቷል።

ነገር ግን መልክን በእናት ዓይን መመልከት ሌላ ነው። ያ የተጠላው ጥቁር ፕላስቲክ ጠጠር ሲመታው ወይም የልጅ ብስክሌት ሲፍቀው ብዙም አያስታውቅም። የተቀባው ክፍል ግን በተጫረ ቁጥር ወደ ቀለም ቀቢ ይወስዳል። እንግዲህ ጠባብ የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ለምታቆም ቤተሰብ የትኛው መልክ ይሻላል? ለዓይን የሚያምረውና ለኪስ የሚስማማው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ይህ መኪና ባለ 18 ኢንችና ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ሆኖ ይመጣል። ባለ 20 ኢንቹ ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል፤ ሻጮችም እርሱን ከፊት ማቆም ይወዳሉ። ዳሩ ግን ቸርኬው በተለቀ መጠን የጎማው ሥጋ ይሳሳል። በባለ 18ቱ ላይ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የጎማ ውፍረት 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በባለ 20ው ላይ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም የተነቀለ ኮብልስቶን ጠርዝ ሲመታ ጎማውንና ቸርኬውን የሚያድነው ያ የሁለት ሳንቲ ሜትር ሥጋ ነው። የእኛን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለጌጥ ብሎ አይጥለውም።

ከመልክ ሳንወጣ፣ ወደ ውስጥ እንግባ። ጎረቤቴን «ከመሪው ተነሺና ከኋላ ተቀመጪ» አልኋት። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱ ትንሽ ወደ ላይ ይነሣል። ለልጆች ምንም አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አዛውንት ግን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ መቀመጫው አምስት ብቻ ነው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አያት ሲሳፈሩበት ሞላ ማለት ነው። «የቤተሰብ መኪና» የሚለውን ቃል ሰምታ ብቻ የምትገዛ እናት፣ ቤተሰቧን አስቀድማ ትቁጠር። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። መጀመሪያ በተሠራው ላይ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት በላይ በሌሎች መኪኖች የለመድነው የሰነድ መሳቢያ የለም። የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የልጅ መድኃኒትና መሐረብ የት እንደሚቀመጡ ከመግዛት በፊት ማየት አይከፋም።

እግሩን በሚመለከት

ሻጩ፣ «ይኼ መኪና ዳገት ቁልቁለት፣ ጭቃ አቧራ አይልም» አለን። እኔም፣ «የትኛው ነው የማይለው? አዲሱ ፊት ወይስ አሮጌው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እትዬ፣ እሱ እንደ ዓይነቱ ነው» ሲል መለሰ።

እውነቱም እርሱ ነው። አንድ ስም የያዘው መኪና ሁለት ዓይነት እግር አለው። አንደኛው በፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ የሚነዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፊትም ከኋላም ሞተር ኖሮት በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። ለጭቃና ለበረዶ የተዘጋጀው ኤክስ ሞድ የተባለው መቆጣጠሪያ የሚገኘው በአራቱም ጎማ በሚነዳው ላይ ነው። ይህን መቆጣጠሪያ ሲጫኑት ጎማዎቹ በከንቱ እንዳይሽከረከሩ ኃይሉን ይመጥናል። በጣም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ደግሞ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ራሱን እየቆጣጠረ እንዲጎተት የሚያደርግ አለው። በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ግን መልኩ ምንም ያህል አገር አቋራጭ ቢመስል፣ በክረምት ጭቃ ላይ ከአንድ ተራ አውቶሞቢል ብዙም አይሻልም።

መታደሱ ለእግሩ ምን ጨመረለት? በአውሮፓ በቀረበው ላይ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ጉልበት ከ160 ኪሎ ዋት ወደ 252 ኪሎ ዋት ከፍ ብሏል፤ ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ጭቃ የሚሸነፈው በፈጣን ሞተር ሳይሆን መሬት በሚቆነጥጥ ጎማና በከፍታ ነው። ከመሬት ያለው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለጠጠር መንገድ፣ ለመካከለኛ ጭቃና ለተቦረቦረ የሠፈር መንገድ ይበቃል። ላንድክሩዘር የሚወጣውን የድንጋይ ዳገት ግን አይወጣም፤ ለዚያም አልተሠራም። ባትሪው ከሆዱ ሥር መሆኑን መርሳት አይገባም። ድንጋይ ሆዱን ሲመታ የሚመታው በመኪናው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ውዱን ነው።

ለኤሌክትሪክ መኪና የሚያደላ አንድ ነገርም እንዳለ አንሰውር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ የነዳጅ ሞተር በሳሳው አየር ምክንያት ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክመውም። የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ያዩት ይህን ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ይኸውም ደርሶ መመለሱ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ መንደሩ መግቢያ 7 ኪሎ ሜትር ሲጨመርበት ደርሶ መልሱ 274 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መሸጫው ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ «ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል» የሚል ተለጥፏል። ታዲያ ምን ያሳስባል?

የሚያሳስበው ይህ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው በተወሰነ የፍተሻ ሥርዓት ነው፤ የቻይናና የአውሮፓ ፍተሻዎችም ይለያያሉ። ለምሳሌ በቻይና ገበያ 66.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ላለው በፊት ጎማ ለሚነዳው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲባልለት፣ በአውሮፓ 73.1 ላለው የሚባለው ከ500 በላይ ነው። ባትሪው ተልቆ ቁጥሩ ማነሱ መኪናው ሰንፎ ሳይሆን መለኪያው ተለያይቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን የባትሪውን መጠን እንጠይቅ። ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ባለበት መንገድ ሲሄድ ለ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብለን ብናስብ ብዙም አንሳሳትም። እንግዲህ ባትሪውን ለ18 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። ከዚያ አንድ አምስተኛውን ለጥንቃቄ መተው ይገባል። ማንም እናት ባዶ ባትሪ ይዛ ከነልጆቿ መንገድ ላይ መቆም አትሻምና።

ከመሸጫው ወንበር ላይ ተቀምጠን ሂሳቡን በወረቀት ሠራነው። በቻይና ገበያ የሚገኘው ትንሹ ባትሪ 50.3 ሲሆን፣ ጥንቃቄው ተቀንሶ 224 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። የታደሰው ትንሹ 57.7 ደግሞ 256 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። 66.7 የሆነው 296፣ ከመታደሱ በፊት በአውሮፓ ይሸጥ የነበረው 71.4 ደግሞ 317፣ የታደሰው ትልቁ 73.1 የሆነው 325 ኪሎ ሜትር ያደርሳሉ። እኛ የምንፈልገው 274 ነው።

ከዚያም ጎረቤቴ ሻጩን፣ «ወንድሜ፣ የዚህ የአዲሱ ፊት ባትሪ ስንት ነው?» አለችው። 57.7 ነው። የሚነዳውም በፊት ጎማ ብቻ ነው። «ያኛውስ?» 66.7፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። ባለቤቷ ቀና ብሎ አያት። አዲሱ ፊት እናቱን ሳያደርስ የሚቀር፣ አሮጌው ፊት ግን የሚያደርስ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ተነሥቶ «የታደሰ ሁሉ የማይረባ ነው» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ አይገባም። ትልቁን ባትሪ ይዞ በአራቱም ጎማ የሚነዳው የታደሰ መኪና ከቀድሞው በብዙ ነገር ይበልጣል። ባትሪው ለፈጣን ሙሌት እንዲዘጋጅ ሙቀቱን አስቀድሞ የማስተካከል ችሎታ ተጨምሮለታል፤ ይህም ብርድ ባለበት ቦታ ጊዜ ይቆጥባል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትመላለስ እናትም ትንሹ ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «የትኛው ለእኔ መንገድ ይሆናል?» ነው።

ዋጋውን በሚመለከት

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ «ከዚህ ጀምሮ» የሚለውን ቃል እንመርምር። መኪናው በአሜሪካ መጀመሪያ ሲቀርብ የመነሻ ዋጋው 42 ሺህ ዶላር ነበር። ከታደሰ በኋላ በ35 ሺህ ዶላር ገደማ የሚጀምር ሆኖ ቀረበ። ሲሰሙት የረከሰ ይመስላል፤ በከፊልም ረክሷል። ነገር ግን በአዲሱ መነሻ ዋጋ የሚገኘው ትንሹ ባትሪ ያለውና በፊት ጎማ የሚነዳው ነው። የመነሻ ዋጋ በየትም አገር መጥሪያ ነው እንጂ መሸጫ አይደለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ መሸጫው ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ነገሮች ተደራርበውበት የመጣ ነው። መኪናው የተገዛበት ዋጋ፣ እስከ ጂቡቲ የመርከብ ኪራይና መድን፣ ከጂቡቲ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ በመጨረሻም የአስመጪው ትርፍ አሉበት። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች የቀረጥ ቅናሽ ሲያደርግ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አስቀምጦ ነበር። ሕግ ሊሻሻል ይችላልና፣ ገዢዋ ሻጩን «ቀረጡ ተከፍሏል» በሚል ቃል ብቻ ሳታምን ዲክላራሲዮኑን በዓይኗ ማየት አለባት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የብር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ መለወጡን ሁላችንም አይተናል። በመሆኑም ቀብድ ከፍላ መኪናው እስኪመጣ የምትጠብቅ እናት፣ ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆኑንና ዶላር ቢወጣ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ ካላጻፈች ላም አለኝ በሰማይ ይሆንባታል።

ጎረቤቴ አንድ ጥሩ ነገር አደረገች። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና፣ «መኪናው ከዚህ ወጥቶ በሬ ላይ እስኪቆም የምከፍለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍልኝ» አለችው። ሻጩ መጻፍ ሲጀምር በቃል ያልተነገሩ ወጪዎች ብቅ ብቅ አሉ። ሰሌዳና የስም ማዛወሪያ ለብቻው ነው። ኢንሹራንስ ለብቻው ነው። የቤት መሙያው መሣሪያ በዋጋው ውስጥ የለም። ገመድ ዝርጋታውም በገዢው ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ባንኩ ከፈቀደው ብድር አለፈ።

ከእነዚህ ውስጥ የቤት መሙያውን ለይተን ማየት አለብን። ከተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ቢገኝ፣ 66.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ ለመሙላት 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 7 ኪሎ ዋት በሚሰጥ መሙያ ግን ከ10 ሰዓት አይበልጥም፤ ማታ ሰክቶ ጧት መነሣት ነው። ጎረቤቴ የምትኖረው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገመዱ ከየትኛው ቆጣሪ ይሳባል? የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ይፈቅዳል? መብራት በሚጠፋበት ቀንስ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ሻጩ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ስለሆነ፣ መልሳቸውን ከግዢው በፊት መያዝ ያሻል።

ሶኬቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዞ ይመጣል። ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ የተባለውን ይይዛል። መንገድ ላይ የሚያገኙት መሙያ ለየትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ስክሪኑም በቻይንኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚለወጥ መሆን አለመሆኑን አስነክቶ ማየት ነው።

መኪናው የት አገር እንደተሠራ ለማወቅ የሻንሲ ቁጥሩን መመልከት ይበቃል። 17 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ በ«ኤል» ፊደል የሚጀምረው ቻይና፣ በ«ጄ» የሚጀምረው ጃፓን የተሠራ ነው። ቻይና በተሠራው ላይ 10ኛው ምልክት ዓመቱን ይነግራል። «ኤን» እ.ኤ.አ. 2022፣ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025 ማለት ነው። በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር መግጠሙንም ማስተያየት ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። ቶዮታ ሰኔ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ሞዴል 2,700 ያህል መኪኖች የጎማ መያዣ ብሎኖቻቸው ሊላሉ እንደሚችሉ አስታውቆ ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። መፍትሔው የተገኘው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ቀደም ብሎ የተሠራ መኪና የምትገዛ እናት ይህ ጥገና መደረጉን በቁጥሩ አስመርምራ ታረጋግጥ።

ዋስትናውንም እንዲሁ። ፋብሪካው በአውሮፓና በአሜሪካ ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣል። ይህ ዋስትና መኪናው በሌላ መንገድ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ተከትሎት ይሄዳል ማለት አይደለም። «ዋስትና አለው» ሲባል፣ ማን ነው የሚሰጠው? ለስንት ጊዜ? ዕቃውስ ከየት ይመጣል? መልሱ በጽሑፍ ካልሆነ መልስ አይደለም።

ሻጩ በመጨረሻ፣ «እህቴ፣ ዛሬ ቀብድ ካልጣልሽ ሰኞ አታገኚውም» አላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ገዢ የለም። ባለቤቷ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እርሷ ግን እጁን ያዝ አድርጋ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? የሁለት ዓመት ዕቁብ በአንድ ቅዳሜ አይጣልም» አለችና የተጻፈላትን ወረቀት አጥፋ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሠራ አንድ መካኒክ ይዘው ተመለሱ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሆዱ ታየ፤ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለካ፤ የሻንሲ ቁጥሩ ተመረመረ። በኮብልስቶንና በዳገት ላይ ነድተው ሞከሩት። አሮጌው ፊት ነበረ። ሻጩም ሰኞ አታገኙትም ያለውን መኪና አልሸጠውም ነበር፤ እንዲያውም የቤት መሙያውን በዋጋው ውስጥ አስገባላቸው። ውሉ ተጻፈ፤ ወጪዎቹ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፈሩ። ገመዱንም ኮሚቴው ከፈቀደ በኋላ ከራሳቸው ቆጣሪ አስዘረጉ።

ባለፈው እሑድ አሮጊቷን ይዘው መጡ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር እኔም ተጠርቼ ሄድሁ። ከጎናቸው ተቀምጬ፣ «እማማ፣ መኪናውን እንዴት አገኙት? አዲሱ ሌላ ፊት አለው፤ ይበልጥ ያምራል ይላሉ» አልኋቸው። እርሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ ፊቱን የት አየዋለሁ? ጉልበቴ ትንሽ አመመኝ እንጂ ጭቃውን ሳልረግጥ ደርሻለሁ። ለነገው ቀጠሮዬም አላረፍድም» አሉኝ።

እናቶች ሆይ፣ ወደ መሸጫው ስትሄዱ ይህን የእማማን ቃል ይዛችሁ ሂዱ። ለዛሬው በዚሁ ይብቃን።